የሁምቦ ተራራና የመታመን ታሪክ

በወላይታ ጉታራ የሚባለው የጋራ ሣር ሜዳ ሕዝቡ ለኀዘንም ሆነ ለምክር የሚሰበሰብበት ሥፍራ ነው። ወደዚያ ለመጣ እንግዳ የሚሰጠው ክብር በንግግሩ ውበት ብቻ አይወሰንም። ሲናገር ከሰሙት ሰዎች መካከል ተቀምጦ ሌላው ሲናገር ማዳመጡ፣ የተናገረውንም በተግባር ማሳየቱ ይታያል። ለልማት ሥራ ወደ ገጠር የሚወጣ ባለሙያም ሆነ መሥሪያ ቤት በዚሁ ሚዛን ይመዘናል። የዚህን ሚዛን ክብደት ለመረዳት ለሚሻ የሙያ ባልደረባ የሁምቦ ተራራ ታሪክ ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል።

የሁምቦ ወረዳ ከሶዶ ከተማ በስተደቡብ፣ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛል። ዋና ከተማው ጠበላ ነው። ተራራው ቀድሞ በአገር በቀል ዛፎች የተሸፈነ ነበር፤ ነገር ግን ለማገዶ፣ ለከሰልና ለእርሻ ሲባል እየተመነጠረ በ1960ዎቹ ዓመታት ውስጥ ተራቆተ። ከዚያ በኋላ የዝናቡ ውኃ ወደ አፈሩ መስረጉ ቀርቶ በቁልቁለቱ ላይ እየተንደረደረ፣ በግርጌው ያለውን ማሳ በጎርፍ ይመታ፣ በደለልም ይሸፍን ጀመር።

ለልማት ብሎ የመጣ እንግዳ ለዚህ አገር ሕዝብ አዲስ አልነበረም። ዋዱ በሚል አጭር ስም የታወቀው የወላይታ የግብርና ልማት ድርጅት በዓለም ባንክ ድጋፍ በ1962 ዓ.ም. በሶዶ ሥራ ጀምሮ ማዳበሪያ፣ ምርጥ ዘርና ብድር አቅርቧል፤ በአበላ ቆላም ገበሬዎችን የማስፈር ሥራ አካሂዷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ደግሞ ጭሰኛውን ከባለመሬት ጫና ነፃ ሲያወጣ መሬቱን የሕዝብ ሀብት አደረገው። ከ1977 ዓ.ም. ረሃብ ወዲህ በአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች ገበሬው በምግብ ለሥራ እየተቀጠረ በተራራ ላይ ብዙ ችግኝ ተከለ። ሆኖም በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በሆነ ጊዜ ከእነዚህ ደኖች ብዙዎቹ በአጭር ጊዜ ተጨፈጨፉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ የተከለውም የቆረጠውም ያው ገበሬ ሲሆን፣ ዛፉን የራሱ ንብረት ነው ብሎ አላመነም ነበር።

እንግዲህ ወርልድ ቪዥን የተባለው ድርጅት የሁምቦን ተራራ ከልሎ ደኑን መልሶ የማልማት ሐሳብ ይዞ ሲቀርብ፣ ሕዝቡን ያሳሰበው የቴክኒክ ጥያቄ አልነበረም። «መሬታችንን መንግሥት ወይም ድርጅቱ ሊወስድብን ይሆን?» የሚል ሥጋት ነበር። ከላይ የተመለከተውን ታሪክ ለሚያስታውስ ሰው ይህ ሥጋት ካለማወቅ የመጣ ነው ሊባል አይችልም።

መልሱም በቃል ብቻ አልተሰጠም። በአበላ፣ በሆቢቻና በዋንጬ ቀበሌዎች ከነዋሪው ጋር ተደጋጋሚ ምክክር ተደረገ። ሰባት የደን ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተቋቁመው በደኑ የመጠቀም መብታቸው በሕግ ታወቀላቸው። የመተዳደሪያ ደንቡን አባላቱ ራሳቸው አወጡ፤ ጥበቃውንም እነርሱ ያዙ። ከብት ወደ ክልሉ እንዳይገባ ቢከለከልም ሣሩን እያጨዱ መውሰድ፣ ከተገረዘው ቅርንጫፍም ማገዶ መልቀም ተፈቀደ። በዚህም ሁኔታ ነዋሪው የካርቦን ገንዘብ ከመምጣቱ አስቀድሞ የተስፋውን ፍሬ በእጁ ጨበጠ።

የአሠራሩ ዘዴም ቢሆን ገበሬው በዓይኑ አይቶ ሊመዝነው የሚችል ነበር። በኒጀር ማራዲ አካባቢ አውስትራሊያዊው ቶኒ ሪናውዶ ከገበሬዎች ጋር ያስፋፋው ይህ ዘዴ፣ ችግኝ በብዛት ከማፍላት ይልቅ ከመሬት በታች በሕይወት ያለውን ጉቶ ይጠቀማል። ከጉቶው ከሚያቆጠቁጡት ቀንበጦች ጠንካራዎቹ ተመርጠው ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ይገረዛሉ። ሥሩ አስቀድሞ ወደ ጥልቅ የወረደ በመሆኑ ዛፉ ከአዲስ ችግኝ ፈጥኖ ያድጋል፣ ወጪውም አነስተኛ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው ይህ ሥራ 2,728 ሄክታር መሬት የሚሸፍን ሲሆን፣ አብዛኛው የለማው በዚሁ ዘዴ ነው።

በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በኪዮቶ ስምምነት በተደነገገው የንጹሕ ልማት ሥርዓት ተመዘገበ፤ በአፍሪካም በዚህ ሥርዓት ከተመዘገቡት ሰፋፊ የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ሆነ። የዓለም ባንክ የባዮካርቦን ፈንድ 165,000 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ለመግዛት ተዋዋለ። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ የደኑ ዕድገት በገለልተኛ ወገን ተለክቶ ከተረጋገጠ በኋላ፣ ከ73,000 በላይ የካርቦን ምስክር ወረቀቶች ተሰጡ። ማኅበራቱ ከሽያጩ ካገኙት ገቢ እንደ እህል ወፍጮና ጎተራ ላሉ የጋራ አገልግሎቶች አዋሉ።

በዚህ ሂደት ውስጥ አንድ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ገዢው ገንዘቡን የከፈለው የተለካውን ካርቦን አምኖ ነው፤ ካርቦኑ የተጠራቀመው ግን ነዋሪው የድርጅቱን ቃል አምኖ መጥረቢያውን ስላስቀመጠ ነው። ሁለተኛው እምነት ባይኖር ለመጀመሪያው የሚለካ ነገር ባልተገኘም ነበር። ምስክር ወረቀቱ ራሱም ጊዜያዊ ነበር።

ይህ ሁሉ ያለ ዋጋ አልተገኘም። ተራራውን ለግጦሽ ይጠቀም የነበረ፣ ከሰል አክስሎ ልጆቹን ያሳድግ የነበረ ድኻ ከሁሉ አስቀድሞ የተጎዳው እርሱ ነበር። ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በዓለም ገበያ የዚህ ዓይነቱ ካርቦን ዋጋ እጅግ ወደቀ። ስለሆነም ደኑን የሚጠብቀው ኃይል የዶላር ተስፋ ብቻ ሊሆን አይችልም፤ ሣሩ፣ ማገዶውና የጎርፉ መቀነስ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደንቡ የራስ መሆኑ ነው።

በምሕንድስና ሙያ እርከኑ፣ ግድቡና መንገዱ በሜትርና በሄክታር ተለክቶ ሪፖርት ይደረጋል። በ1983 ዓ.ም. የተጨፈጨፉት ደኖችም በየሪፖርቱ በሄክታር ተቆጥረው ነበር። የሁምቦ ታሪክ ለሙያ ባልደረቦች የሚያስገነዝበው፣ ቅየሳ ከመጀመሩ በፊት ከነዋሪው ጋር ተቀምጦ ለማዳመጥ የሚውለው ጊዜ ከፕሮጀክቱ የሥራ መርሐ ግብርና በጀት ውስጥ ሊገባ የሚገባው መሆኑን ነው።