ከቀይ ባሕር ጥልቀት ወደ ጉለሌ ከፍታ፤ የባሕር ጠላቂ ከሻርክ ይልቅ ሊጠነቀቀው የሚገባ አደጋ

በሻርክ መንጋ የሚታወቁት የቀይ ባሕር ጥልቅ ሪፎች የዓለምን የባሕር ጠላቂዎች መሳብ ከጀመሩ ከ70 ዓመታት በላይ ተቆጥረዋል። ወደነዚህ ሥፍራዎች ለሚያቀና ሰው በቅድሚያ ወደ ሐሳቡ የሚመጣው የሻርክ ጥርስ ነው። ይሁን እንጂ የጠላቂውን ሕይወት ይበልጥ ለአደጋ የሚያጋልጠው ከጥልቀት ጋር የሚጨምረው ግፊት፣ በኋላም ወደ ላይ ሲወጣ የሚከተለው የግፊት መቀነስ ነው። በከፍተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው፣ ለምሳሌ ከጅቡቲ ባሕር ወጥቶ ወደ አዲስ አበባ ለሚመለስ መንገደኛ፣ አደጋው ከውኃ በመውጣት ብቻ አያበቃም።

ቀይ ባሕርና ሪፎቹ

ሪፍ የሚባለው ኮራል የተሰኙ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት በረጅም ዘመን ከኖራ የሚገነቡት የባሕር ውስጥ ዐለት ነው። ኮራሎቹ ሞቃትና የፀሐይ ብርሃን የሚደርስበት ውኃ ይፈልጋሉ። ባሕር የሌላት ኢትዮጵያ ከዚህ ተፈጥሮ ጋር ያላት ግንኙነት ጥንታዊ ነው። ከ120 ሺህ ዓመታት ገደማ በፊት የቀይ ባሕር ውኃ የዳናኪልን ዝቅተኛ ሥፍራ አጥለቅልቆት እንደነበር በአፋር ምድር በየብስ ላይ የቀሩት የኮራል ቅሪቶች ይመሰክራሉ።

በቅርቡ ዘመን ደግሞ ኤርትራ ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን በተዋሐደችበት በ1945 ዓ.ም ወቅት፣ በብሩኖ ቫይላቲ የተመራ የጣሊያን የባሕር ውስጥ አጥኚ ቡድን በዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ ተሰማርቶ ነበር። የቡድኑ አባል የነበረው ፎልኮ ኩዊሊቺ በዚያ የቀረጸው "ስድስተኛው አህጉር" የተሰኘ ዘጋቢ ፊልም እ.ኤ.አ. በ1954 ለሕዝብ ቀርቧል።

በሻርክ ዝነኛ ከሆኑት የአካባቢው ሪፎች አንዱ ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን የሚገኘው ሻዓብ ሩሚ ነው። ፈረንሳዊው ዣክ ኢቭ ኩስቶ እ.ኤ.አ. በ1963 በዚህ ሪፍ ላይ በ10 ሜትር ጥልቀት የባሕር ውስጥ መኖሪያ አቁሞ፣ ጠላቂዎች ለአንድ ወር ያህል ወደ ላይ ሳይወጡ እንዲኖሩበት አድርጓል። ስለ ሥራው የተዘጋጀው ፊልም የኦስካር ሽልማት አግኝቷል። የዚያን ጊዜው ሠፈር የብረት ቅሪቶች በሪፉ ላይ ይታያሉ። በሱዳን በሚያዝያ ወር 2015 ዓ.ም የተቀሰቀሰው ጦርነት ግን ወደ ሥፍራው የሚደረገውን የጉብኝት ጉዞ አስተጓጉሎታል።

ለኢትዮጵያውያን ቅርብ የሆነው የጅቡቲ ባሕር ነው። በባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ አቅራቢያ የሚገኙት "ሰባቱ ወንድማማቾች" የተባሉ ደሴቶች በኃይለኛ የውኃ ሞገዳቸውና በሻርኮቻቸው ይታወቃሉ። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ፣ በአርታ ዳርቻ ደግሞ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ዌል ሻርክ የተባለው የዓለም ትልቁ ዓሣ ይሰበሰባል። ይህ ዓሣ የሚመገበው በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕይወት ያላቸው ነገሮችን በመሆኑ ለሰው አስጊ አይደለም።

ሻርክ ጠላቂውን የሚጎትተው ወደ ጥልቀት ነው

ሪፉ በድንገት ወደ ጥልቁ በሚቆረጥበት ጠርዝ ላይ ሞገድ ከታች ቀዝቃዛና ምግብ ያለበት ውኃ ስለሚያመጣ ትናንሽ ዓሦች ይበዛሉ፤ ሻርኮችም ይከተሏቸዋል። ግራጫው የሪፍ ሻርክ ከላይኛው ክፍል ጀምሮ ይታያል። በመንጋ የሚጓዘው መዶሻ ራስ ሻርክ ግን ቀዝቀዝ ያለውን ውኃ ስለሚመርጥ ብዙ ጊዜ ከ30 ሜትር በታች ይገኛል። ጠላቂው መንጋውን ለማየት ሲል ሳያስበው ከወሰነው ጥልቀት በታች የሚወርደው በዚህ ምክንያት ነው።

ሻርክ ሳይተነኮስ በሰው ላይ የሚያደርሰው ንክሻ በመላው ዓለም በዓመት በአማካይ ከ60 እስከ 70 የሚገመት ሲሆን፣ ለሞት የሚዳርገው ከዚህ ጥቂቱ ነው። ከተጎጂዎቹም የሚበዙት በውኃው ገጽ ላይ የሚዋኙና በሞገድ ላይ የሚንሸራተቱ ሰዎች እንጂ ጠላቂዎች አይደሉም። ያም ሆኖ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ግራጫው የሪፍ ሻርክ ሲጨነቅ ጀርባውን አጉብጦ፣ የጎን ክንፎቹን ወደ ታች ጥሎ በተጋነነ ሁኔታ እየተወዛወዘ እንደሚዋኝ እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣ ጥናት አመልክቷል። ይህን ያየ ጠላቂ ሻርኩን መከተል ወይም መንገዱን መዝጋት የለበትም፤ ዓይኑን ሳይነቅል፣ ሳይደናገጥ በዝግታ ማፈግፈግ ይኖርበታል። የተወጋ ዓሣ ይዞ መዋኘትም ሻርክን መጥራት ነው።

በአንጻሩ የሰው ልጅ በሻርክ ላይ ያደረሰው ጉዳት እጅግ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ ዓለም አቀፍ ጥናት በክፍት ውቅያኖስ የሚኖሩ ሻርኮችና ሬይ የተባሉ ዘመዶቻቸው ብዛት ከ1970 ወዲህ በ71 በመቶ መቀነሱን ገልጿል፤ ዋነኛው ምክንያትም ከመጠን ያለፈ አሣ ማስገር ነው። ከመዶሻ ራስ ሻርኮች አንዱና በቀይ ባሕር የሚታወቀው ዝርያ በከፋ ሁኔታ ለመጥፋት ከተቃረቡት መካከል ተመዝግቧል።

የግፊት ሕግ

በባሕር ወለል ላይ ሰውነታችን የሚሸከመው የአየር ግፊት አንድ አትሞስፌር ይባላል። በባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ አንድ ተጨማሪ አትሞስፌር ይታከላል። ስለዚህ በ30 ሜትር ጥልቀት ግፊቱ አራት እጥፍ፣ በ40 ሜትር አምስት እጥፍ ነው። ኩስቶና መሐንዲሱ ኤሚል ጋኛን እ.ኤ.አ. በ1943 የሠሩት መተንፈሻ መሣሪያ ለጠላቂው በዙሪያው ካለው ግፊት ጋር እኩል የሆነ አየር ይሰጠዋል። ስኩባ በሚል ስም የሚታወቀው መሣሪያ ዛሬም የሚሠራው በዚሁ መርሕ ነው።

የዚህ የመጀመሪያው ውጤት የአየር ቶሎ ማለቅ ነው። 12 ሊትር የሚይዝና በ200 ባር የተሞላ ሲሊንደር 2,400 ሊትር አየር ይኖረዋል። በደቂቃ 20 ሊትር የሚተነፍስ ሰው በውኃው ገጽ ላይ ለ120 ደቂቃ ይበቃዋል። ያው አየር በ30 ሜትር ለ30 ደቂቃ፣ በ40 ሜትር ለ24 ደቂቃ ብቻ ይቆያል፤ ይህም ለመመለሻ የሚያዘው መጠባበቂያ ሳይቀነስ ነው። የደነገጠ ሰው ደግሞ ከዚህ እጅግ አብልጦ ይተነፍሳል።

ሁለተኛው ናይትሮጂን ነው። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶ ገደማ የሚሆነው ይህ ጋዝ ከ30 ሜትር ገደማ ጀምሮ እንደ መጠጥ የሚያሰክር ጠባይ ያሳያል። ጠላቂው ይደሰታል፤ ሰዓቱንና የአየር መለኪያውን ማየት ይዘነጋል። በዚህ ምክንያት ለመዝናኛ የሚደረግ ጠለቃ ወሰኑ 40 ሜትር ሲሆን ለጀማሪ የሚፈቀደው 18 ሜትር ነው።

ሦስተኛው ወደ ላይ ሲወጣ የሚመጣው ነው። በግፊት ውስጥ ናይትሮጂን በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል። ሁኔታውን ለመረዳት የአምቦ ውኃ ጠርሙስን ማሰብ ይበቃል። ክዳኑ እንደተዘጋ ጋዙ አይታይም፤ በድንገት ሲከፈት ግፊቱ ስለሚቀንስ አረፋው ይገነፍላል። ፈጥኖ ከጥልቀት በሚወጣ ሰው ሰውነት ውስጥም ተመሳሳይ አረፋ ይፈጠራል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፖል ቤር ይህንን እ.ኤ.አ. በ1878 አስረድቷል። የብሪታንያው ጆን ስኮት ሃልዴንና ባልደረቦቹም በፍየሎች ላይ ባደረጉት ሙከራ ተመሥርተው፣ ጠላቂ በየደረጃው እያረፈ የሚወጣበትን ሰንጠረዥ እ.ኤ.አ. በ1908 አቅርበዋል።

በስፋት በሚሠራበት አንድ የመዝናኛ ሰንጠረዥ መሠረት፣ አንድ ሰው ያለ ተጨማሪ የማረፊያ ግዴታ በ18 ሜትር ለ56 ደቂቃ፣ በ30 ሜትር ለ20 ደቂቃ፣ በ40 ሜትር ግን ለ9 ደቂቃ ብቻ መቆየት ይችላል። ሲወጣም በደቂቃ ከ9 ሜትር ባልበለጠ ፍጥነት ሆኖ፣ በ5 ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ እንዲያርፍ ይመከራል። ትንፋሽን ይዞ መውጣት በፍጹም የተከለከለ ነው፤ ከ10 ሜትር ወደ ገጹ ሲወጣ በሳንባ ውስጥ ያለው አየር እጥፍ ስለሚሆን ሳንባን ሊቀድድ ይችላል።

ከፍታ የጠለቃው ተከታይ ነው

ከውኃ የወጣ ጠላቂ ሰውነት ለበርካታ ሰዓታት ትርፍ ናይትሮጂን ይዞ ይቆያል። በዚህ መካከል ግፊቱ ይበልጥ ወደሚያንስበት ከፍታ ቢሄድ አረፋው ሊፈጠር ወይም ሊባባስ ይችላል። ስለዚህ ከአንድ ቀላል ጠለቃ በኋላ አውሮፕላን ለመሳፈር ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ወይም ለተከታታይ ቀናት ከተካሄደ ጠለቃ በኋላ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ እንደሚገባ የዘርፉ መመሪያዎች ያዛሉ። በየደረጃው ማረፍን ግዴታ ያደረገ ጠለቃ ከዚህም የበለጠ ጊዜ ይጠይቃል።

የመንገደኞች አውሮፕላን ክፍል ግፊት በ2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ካለው የአየር ግፊት እንዳያንስ ተደርጎ ይጠበቃል። በባሕር ዳር ከተማ የሚያርፍ መንገደኛ ከአውሮፕላን ሲወርድ ወደ ሙሉ ግፊት ይመለሳል። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኝ ሲሆን፣ በዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ያህል ነው። ስለሆነም ወደ አዲስ አበባ የሚመለስ ጠላቂ ከአውሮፕላን ቢወርድም ዝቅተኛው ግፊት አብሮት ይቀጥላል።

ከተማው ውስጥም ከፍታው ይለያያል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በከተማው አስተዳደር ትብብር የተቋቋመው ጉለሌ የእጽዋት ማዕከል በእንጦጦ ተራሮች ላይ ከ2,500 ሜትር በላይ ይገኛል። በማዕከሉ ጽድና ሌሎች አገር በቀል ዛፎች ሥር የሚንሸራሸር ሰው የሚተነፍሰው አየር ግፊት በበረራ ላይ ባለ አውሮፕላን ክፍል ውስጥ ካለው ያነሰ ነው። በጠዋት በጅቡቲ ጠልቆ በማግሥቱ ማለዳ ይህንን ዳገት ለመውጣት ያሰበ ሰው፣ የአየር ትኬት ባይቆርጥ እንኳ ለራሱ በረራ እንደፈጸመ ሊቆጥረው ይገባል።

በየብስ የሚመለሰውም ከዚህ ነፃ አይደለም። ከጅቡቲ የሚነሳው የመኪና መንገድም ሆነ እ.ኤ.አ. በ2018 መደበኛ አገልግሎት የጀመረው የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር የሚያመሩት ወደ ከፍታ ነው። መንገዱ ቀስ በቀስ መውጣቱ ጊዜ ቢሰጥም የጥበቃውን ሰዓት አይተካም።

በኢትዮጵያ ሐይቆች ለሚጠልቅም ሒሳቡ የተለየ ነው። የሻላ ሐይቅ 266 ሜትር፣ የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ጥልቀት አላቸው፤ ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር ከፍ ባለ ቦታ ላይ ናቸው። በላይ ያለው የአየር ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ለባሕር የተዘጋጀውን ሰንጠረዥ እንዳለ መጠቀም ስለሚያሳስት፣ ለከፍታ የተስተካከለ ስሌት ያስፈልጋል።

ምልክቶቹና የመጀመሪያ ርዳታ

የሕመሙ ምልክቶች የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የቆዳ ማሳከክና ሽፍታ፣ ያልተለመደ ድካም፣ መደንዘዝ፣ የራስ መዞር፣ ሽንት አለመውጣትና የእግር መክዳት ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ይታያሉ። ከረጅም ጉዞ የተመለሰ ሰው የመንገድ ድካም ነው ብሎ ችላ ስለሚላቸው ሕክምናው ይዘገያል፤ መዘግየቱም ዘላቂ የአካል ጉዳት ሊያስከትል ይችላል።

ታማሚው ጋደም ብሎ ንጹሕ ኦክሲጅን እንዲተነፍስና ሳይዘገይ ወደ ሐኪም እንዲደርስ ማድረግ ያስፈልጋል። ዋናው ሕክምና የሚሰጠው ግፊቱ ከፍ በሚደረግበት ልዩ ክፍል ውስጥ ነው። እንዲሻለው ብሎ ተመልሶ ባሕር ውስጥ ማስገባት አደገኛ ነው። በአዲስ አበባ ለሚያየው ሐኪምም በስንት ሜትር፣ ለስንት ደቂቃና መቼ እንደጠለቀ በግልጽ መናገር ይኖርበታል፤ ሐኪሙ ይህን ካልተነገረው በባሕር አልባ ከተማ የጠላቂ ሕመምን ላይጠረጥር ይችላል።

በታጁራ ባሕረ ሰላጤ ዌል ሻርክን ከውኃው ገጽ ላይ በመነጽርና በአየር ማስገቢያ ቱቦ ብቻ የሚመለከት ጎብኚ የተጨመቀ አየር ስለማይተነፍስ ይህ የጥበቃ ሰዓት አይመለከተውም። በሲሊንደር ለሚጠልቀው ግን የጉዞውን የመጨረሻ ሙሉ ቀን ከውኃ ውጪ፣ በባሕሩ ዳርቻ እንዲያሳልፍ አድርጎ ማቀድ ቀላሉና አስተማማኙ መከላከያ ነው።