የ«ጦቢያ» ደራሲና ያልተከፈለው ውለታ

ዛሬ «ልብ ወለድ» የምንለው ቃል ከመጽሐፍ ርእስ የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 ሮማ ላይ የታተመች፣ 100 ገጽ የማትሞላ መጽሐፍ «ልብ ወለድ ታሪክ» ትባል ነበር። በኋላ በባለታሪኳ ልጃገረድ ስም «ጦቢያ» ተባለች። የመጀመሪያዋ የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኗን ሁሉም ይናገራል። እኔን የሚከነክነኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ስለ ውለታና ወደ ቤት ስለ መመለስ የጻፈልን ሰው ማን ነበር?

ነገሩ እንዲህ ነው። የክርስቲያኑ ጦር በአረመኔ ሠራዊት ይሸነፍና አንድ የጦር አለቃ ይማረካል። አንድ ደግ ነጋዴ ገዝቶ ነጻ ያወጣዋል። ሰውየው ቤቱ ይገባል፤ ውለታው ግን አብሮት ይገባል። ልጁ ዋሕድ ያባቱን ውለታ ልክፈል ብሎ ነጋዴውን ፍለጋ ሲወጣ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። አባትየውና የዋሕድ መንትያ ጦቢያ ደግሞ እሱን ፍለጋ ይነሣሉ፤ እሷ በወንድ ልብስ፣ ሴትነቷን ደብቃ። እንግዲህ የዚህ ቤተሰብ ሐዘንም ምስጢርም የሚመነጨው ከአንድ ሰው መመለስ ነው። ጦቢያ ማለት በሕዝብ አፍ ኢትዮጵያ መሆኗን ልብ ይሏል! አገሪቱን የሚያህል ስም የተሸከመችው ልጅ ማንነቷን ሸሽጋ በጠላት ሰፈር ትውላለች፤ በመጨረሻም ንጉሡ ሴት መሆኗን ደርሶባት ያገባታል፤ ክርስትናም ይነሣል። ፍጻሜው ለእኔ ትንሽ ይጣፍጥብኛል።

ደራሲው ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1868 ዘጌ ተወለዱ፤ በወጣትነታቸው ሥዕል ሊማሩ ቱሪን ተላኩ። በዐድዋ ጦርነት ዋዜማ ለትምህርት ከሄዱበት ከስዊዘርላንድ ወጥተው ከጣሊያን ወገን ተሰለፉ። ከዚያ ናፖሊ ተቀምጠው አማርኛ ሲያስተምሩ ነው ይህን መጽሐፍ የጻፉት። አገራቸውን ከወጋ መንግሥት ዘንድ እንጀራ እየበሉ፣ በጠላት እጅ ወድቆ ወደ ቤቱ ስለተመለሰ ሰው ጻፉ። በልባቸው የነበረውን ልናውቅ አንችልም። ነገር ግን በመጽሐፉ ውስጥ ምርኮኛውን በደግነት የሚገዛው ባለጸጋ ነጋዴ ባነበብኩት ቁጥር ያጠራጥረኛል። ውለታ የዋለ ሁሉ እንደዚያ ነጋዴ ምንም ሳይጠብቅ ይሰናበታልን?

እሳቸውም ተመለሱ። አገር ይቅር አላቸው፤ ሾመቻቸውም። የድሬዳዋ ጉምሩክ ሹም ሆኑ፤ በ1930ዎቹ መጀመሪያም ሮማ ላይ የኢትዮጵያ ጉዳይ ፈጻሚ ነበሩ። ይህ ቀላል እምነት አይደለም። ፋሺስት አገሪቱን ሲወር ግን ዳግመኛ ወደዚያው አዘነበሉ፤ «አፈ ቄሳር» ተብለው በወራሪው ዳኝነት ላይ ተቀመጡ። ከዋሕድ ጋር የሚለያዩት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ዋሕድ ያባቱን ዕዳ ሊከፍል ነጻነቱን አጣ፤ ደራሲው ግን ይቅር ላላቸው ወገን የሚከፍሉት ሲመጣ ለሌላው ከፈሉ። አማርኛቸው ግን ዛሬም ይነበባል፤ ይህን መካድ ንፉግነት ነው።

ከነጻነት በኋላ ተይዘው ጅማ ተጋዙ። ዓይናቸው ጠፍቶ እ.ኤ.አ. በ1947 እዚያው አረፉ። ከ«ጦቢያ» በኋላ ሌላ ልብ ወለድ አላሳተሙም።