ያልፈረሙበት ዕዳ

የአባትና የልጅ ጠብ ሲነሣ አስቀድሞ የሚታሰበን ዱላና ቁጣ ነው። በወጣትነታችን ያነበብናቸው የአማርኛ ልብ ወለዶች ግን ሌላ ዐይነት ጠብ ያሳዩናል፤ ከፍቅር የሚወለድ፣ ድምፅ የሌለው ጠብ።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» የተጉለቱ ወጣት ዐወቀ ፈረንሳይ አገር ተምሮ ይመለሳል። አባቱ ሲሞቱ ዘመድ አዝማድ ትልቅ ተዝካር እንዲደግስ ይጠብቅበታል፤ እርሱ ግን ለመብልና ለመጠጥ የሚባክን ገንዘብ ለሟች ነፍስ አይበጅም ባይ ነው። ልብ እንበል፤ ይህ ክርክር የሚነሣው አባትዮው ካለፉ በኋላ ነው። ልጅ ከአባቱ ዘመን ጋር ያለውን ጠብ የሚጨርሰው ከዘመዶቹ ጋር ነው። የሚደንቀው ደግሞ ለዐወቀ የሚቆረቆረው ብዕር የአባት ብዕር መሆኑ ነው። ኅሩይ በ1910 ዓ.ም. «ለልጅ ምክር ለአባት መታሰቢያ» የተባለ መጽሐፍ የጻፉ፣ የገዛ ልጆቻቸውን ፈቃደ ሥላሴንና ሲራክን እንግሊዝ አገር ልከው ያስተማሩ አባት ነበሩ።

«ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ ጠቡ ይበልጥ ረቀቀ። ብዙዎች በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ የሰሙትን ታሪክ እኛ በጉርምስናችን መጽሐፉን እየተቀባበልን አነበብነው። ያን ጊዜ ጠላታችን ፊታውራሪ መሸሻ ብቻ ነበሩ። ዛሬ መለስ ብዬ ሳነበው ግን በበዛብህና በሰብለ ወንጌል መካከል ሌላም ግንብ አያለሁ፤ ቦጋለና ውድነሽ ልጃቸው እንዲያድግላቸው የተሳሉትን ስለት። ስለቱ ክፋት የለበትም። እንዲያውም ድኻ ወላጅ ለልጁ ሕይወት ሊከፍል የሚችለው ትልቁ ዋጋ ነበር፤ ከፋዩ ግን ራሱ ልጁ ሆነ።

እኔ የባንክ ሠራተኛ ነኝ፤ ተበዳሪው ያልፈረመበት ውል በእኛ ዘንድ ውል አይባልም። በዛብህ ግን ሳይፈርም ባለዕዳ ሆኖ አደገ። ክፉ አባትን መጥላት ይቻላል፤ ስለ ፍቅር የተሳለ አባትን ግን ልጅ በምን አፉ ይወቅሰዋል? ዝምታው የሚመጣው ከዚህ ነው።

በእኛ በመርሳም ሆነ በሌላው አገር፣ አባት ለልጁ ትምህርትን፣ ስደትን ወይም ትዳርን በልቡ ቆርጦ ያስቀምጣል፤ ልጁም አክብሮ ዝም ይላል። ሐዲስ ዓለማየሁ የጻፉት የጎጃምን ዘመን ቢሆንም ያ ስለት ዛሬም በየቤቱ አለ። ስለዚህ ይህን መጽሐፍ ለልጆቻችን ብቻ ባንሰጠው እወዳለሁ። አባቶችም ያንብቡት፤ ከመሳል በፊት ልጅን መጠየቅ እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ የሚነግራቸው መጽሐፍ አላውቅም።