ከጅቡቲ ወደብ እስከ ሊብሬ

እህቶቼ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ኢቃማና ስለ ኮንትራት ብዙ ስንነጋገር ኖረናል። ዛሬ የምጽፈው ስለ መኪና ነው። ስለ አዲሷ አይደለም። ዐረቡ ሰባት ስምንት ዓመት ነድቶ ስለ ጠገባት፣ ወንበሯን ፀሐይ ስለ በላት፣ ሞተሯ ግን ገና ደህና ስለሆነች፣ እኛ «ለአገር ትሆናለች» ብለን ስለምንመኛት አሮጌ መኪና ነው። ጠቅልላ የምትገባ እህት ከሻንጣና ከብርድ ልብስ ቀጥሎ የምታስበው እሷን ነበር። አንዷ ለወንድሟ ታክሲ እንድትሆን፣ ሌላዋ አገር ገብታ ልትሸጣት፣ ሌላዋ ደግሞ ሠፈሩ «ባዶ እጇን መጣች» እንዳይላት። ዐረብኛ ማንበብ ስለምችል ልጆቹ ሻርጃ ገበያ ሲሄዱ ይዘውኝ ይሄዱ ነበር፤ ስለዚህ ነገሩን ከወረቀቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያ ጊዜ አሁን አልፏል። እንዴት እንዳለፈና ምን ጥሎልን እንደ ሄደ ለመናገር ግን መኪና ወደ አገራችን ከገባችበት በር መጀመር አለብኝ።

በሩ ጅቡቲ ነው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነሥቶ፣ ለመኪና የሚሆን መንገድ በሌለበት አገር አቆራርጦ አዲስ አበባ ገባ፤ መኪናዋም ዐፄ ምኒልክ ፊት ቀረበች። ምኒልክ እንደምናውቀው አዲስ ነገር የሚወዱ ንጉሥ ነበሩና ተሳፈሩባት። ያኔ ባቡሩ ራሱ ገና መንገድ ላይ ነበር፤ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ሲሆን አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። ከዚያ በኋላ ከባሕር ማዶ የመጣ ከባድ ዕቃ ሁሉ፣ መኪናም ጭምር፣ በባቡር ተጭኖ ሽቅብ መውጣት ቻለ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው ነገር አለ። መኪኖቹ በሚራገፉበት በዚያው በጅቡቲ፣ ከወደቡ ወዲያ ማዶ ኦቦክ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከሐረርጌ በእግራቸው የሚነሡ ልጆች በጀልባ ወደ የመን የሚሻገሩት ከዚያ አካባቢ ነው። መኪናዋ አንድ ክምር ወረቀት ይዛ ስትገባ፣ ነገ ሠርታ የመኪናዋን ዋጋ የምትልከው ልጅ አንድም ወረቀት ሳይኖራት ትወጣለች። ባሕሩ ግን አንድ ባሕር ነው።

ጣሊያን በ1928 ሲገባ መኪናም መንገድም በብዛት መጡ። ዛሬ ጋራዥ ውስጥ የምንሰማው ቃል ግማሹ የዚያ ዘመን ነው፦ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኮፈን፣ ጎሚስታ፣ ካቻቢቴ። ሊብሬ የምንላት የመኪና ደብተርም የውጭ ቃል ናት። ይህችን ቃል ያዙልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ነገር በመጨረሻ እሷ ላይ ነው የሚያርፈው።

ፊያት ሰይቼንቶዋን፣ ከዚያም ላዳዋን፣ ሰማያዊና ነጭ የተቀቡትን ታክሲዎች አዲስ አበባ ያደገች ሁሉ ታስታውሳለች። በደርግ ጊዜ ዋናው የገቢ ዕቃ በር አሰብ ሆኖ ነበር። በግንቦት 1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋና ሁሉ ነገር ተመልሶ ጅቡቲ ላይ ወደቀ። ስለዚህ በእኛ ዘመን ከባሕረ ሰላጤው የተላከች መኪና ጅቡቲ ወርዳ፣ በጋላፊ በኩል በአፋር በረሃ አቋርጣ፣ አዋሽንና ሞጆን አልፋ ነው አዲስ አበባ የምትደርሰው።

ዐረቦቹን ሁልጊዜ የሚገርማቸው ነገር ነበር። እነሱ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወድቃል። እኛ አገር ሠላሳ ዓመት ያለፋት ዲኤክስ ቶዮታ ከእናት እኩል ትከበራለች፤ ዋጋዋም ከዓመት ዓመት ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ምሥጢሩ ብረቱ ላይ አይደለም፤ በሩ ላይ ነው። ከ2012 በፊት በነበረው ሕግ ጉምሩክ መጀመሪያ የመኪናዋን ዋጋ፣ የመርከቡን ኪራይና ኢንሹራንሱን አንድ ላይ ይደምራል። እዚያ ላይ 35 በመቶ ቀረጥ ይጥላል። በተደመረው ላይ ኤክሳይዝ ይመጣል፦ ሞተሯ እስከ 1,300 ሲሲ ከሆነች 30 በመቶ፣ እስከ 1,800 ከሆነች 60 በመቶ፣ ከዚያ በላይ 100 በመቶ። በዚያ ሁሉ ላይ ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ፣ በዚያም ላይ ሱር ታክስ 10 በመቶ። አንዱ በሌላው ላይ እየተቆለለ እንጂ ጎን ለጎን እየተቀመጠ አይደለም የሚሄደው። ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነበር፤ መቶኛውን ደምረው «ይሄን ያህል ብቻ ነው» ይሉ ነበር።

በወረቀት እናስላው። ጅቡቲ ስትደርስ 100 ሺህ ብር የተገመተች ትንሽ ያሪስ ከቀረጥ በኋላ 135 ሺህ፣ ከኤክሳይዝ በኋላ 175 ሺህ ተኩል፣ ታክሱ ሁሉ ሲያልቅ ወደ 222 ሺህ ትጠጋለች። በዚያው ዋጋ የተገመተች 1,800 ሲሲ ኮሮላ 273 ሺህ ታልፋለች። ዊትዝና ያሪስ አዲስ አበባን ለምን እንደ ሞሉት አሁን ገባችሁ? ሞተራቸው ትንሽ ስለሆነ በሩን በርካሽ ያልፋሉ። ያ ሕግ ከሞተር መጠን ጋር እንጂ ከዕድሜ ጋር ጠብ አልነበረውም። ስለዚህ የእኛ አቅም የሚችላት አሮጌዋ መኪና በሩን ታልፍ ነበር። አልፋም ስትገባ፣ ከእሷ በኋላ ለመግባት የሚፈልግ ሁሉ ያንን ቀረጥ ስለሚከፍል፣ ዋጋዋ አይወርድም። አሮጌ መኪና ለእኛ ሰው ቁጠባ የሆነችው በዚህ ነው። ባንክ ያስቀመጥሽው ብር ይሟሟል፤ በር ላይ የቆመችው ዊትዝ ግን አትሟሟም።

በእኛ በኩል ያለው ገበያ ደግሞ ይህን ይመስል ነበር። ሻርጃ ውስጥ በፊት አቡ ሸጋራ፣ በኋላ ሱቅ አል ሐራጅ፤ ዱባይ ራስ አል ኾር አጠገብ ደግሞ ለውጭ አገር ብቻ የሚሸጥበት ነፃ ቀጠና አለ። ከጃፓን የሚመጡት መሪያቸው በቀኝ ነው፤ እኛ አገር የሚነዳው በመንገዱ ቀኝ ስለሆነ መሪው በግራ መሆን አለበት። እዚያው ጋራዥ ውስጥ መሪውን የሚያዞሩ ሰዎች ነበሩ። መሪዋ የዞረችን መኪና እኔ አልወድም ነበር፤ ዳሽቦርዱ ሥር ብታዪ ሽቦው እንደ ተፈታ ሹሩባ ነው። ከተቻለ እዚሁ ባሕረ ሰላጤው ላይ የተነዳችውን፣ ሲጀመር ለግራ መሪ የተሠራችውን ምረጡ እላቸው ነበር።

ከተገዛች በኋላ ያለባት የትራፊክ ቅጣት ሁሉ ይከፈላል፣ የዚህ አገር ሰሌዳዋ ይፈታል፣ የመላኪያ ወረቀትና የመላኪያ ሰሌዳ ይወጣላታል። ከዚያ ወይ እየተነዳች የምትገባበት መርከብ፣ ወይ ኮንቴይነር። እየተነዳች በምትገባበት መርከብ ዕቃ ሞልቶ መላክ ከንቱ ነው፤ ብርድ ልብሱም ምንጣፉም ቴሌቪዥኑም ቢጠፋ ጠያቂ የለውም። ግን ማን ይሰማል! የኋላ ወንበሩ ጣሪያ ድረስ ታጭቆ የሄደ ስንት መኪና አይቻለሁ። ጅቡቲ ስትደርስ ወረቀት የጎደላት መኪና በየቀኑ የማስቀመጫ ኪራይ ይቆጥርባታል። አገር ቤት ያለው ትራንዚተር ዲክላራሲዮኑን ያስጨርሳል፣ ሻንሲ ቁጥሯ ይታያል፣ ቀረጡ ይከፈላል፣ ከዚያ ሰሌዳና ሊብሬ።

መኪና ያልገዛችውም እህት ብትሆን በዚህ ንግድ ውስጥ ነበረች። ባንክ ዶላር ሲያጣ ነጋዴው የእኛን ድርሃም ይሰበስብ ነበር። ብሩ አገር ቤት ለእናቷ ሲደርስ፣ ድርሃሙ እዚሁ ቀርቶ መኪና ይገዛል። ሳውዲ ያሉት እህቶቻችንማ ጉዳያቸው ሌላ ነበር፤ በዚያ አገር ሴት መንዳት የተፈቀደላት በሰኔ 2010 ነው። መሪ መያዝ በማትችልበት አገር ሠርታ ለወንድሟ መሪ የላከች ስንት አለች።

በየካቲት 2012 የተወካዮች ምክር ቤት አዲሱን የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ፣ ቁጥር 1186ን፣ አጸደቀ። ለአዲስ ትንሽ መኪና ኤክሳይዙ ከ30 ወደ 5 በመቶ ወረደ። ለአሮጌ ግን ዕድሜዋ በጨመረ ቁጥር እየጨመረ ሄደ፤ ሰባት ዓመት ያለፋት መኪና ታክሷ ዋጋዋን በብዙ እጥፍ የሚያስከነዳ ሆነ። የተሰጠው ምክንያት የአደጋው ብዛት፣ ጭሱ፣ ለመለዋወጫ የሚወጣው የውጭ ምንዛሪ ነው። ምክንያቱ ውሸት ነው አልልም፤ አዲስ አበባ ሽቅብ ስትወጡ ከፊታችሁ የሚሄደውን ጥቁር ጭስ ታውቁታላችሁ። ነገር ግን አዲስ መኪና የመግዛት አቅም ያለው ሰው ተጠቀመ፤ አሮጌ ብቻ የምትችለው ቤት ሠራተኛ በሩ ተዘጋባት። ይህንን ስሌት ያኔ ጮክ ብሎ ያነሣልን አልሰማሁም። የማውቃት አንዲት ልጅ አሠሪዎቿ ለመሄድ ሲነሡ የሰጧትን አሮጌ ካምሪ ለመላክ አንድ ዓመት ገንዘብ ስታጠራቅም ቆይታ፣ አዋጁን ስትሰማ እዚሁ ሐራጅ ላይ በኪሳራ ሸጠቻት።

በጥር 2016 ደግሞ የትራንስፖርት ሚኒስትሩ ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል አገር ውስጥ እንደማይገባ ተናገሩ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ ብሩ ወደቀ። የቤንዚኗ ያሪስ ነገር በዚህ አበቃ።

እስኪ አሁን ወደዚያች ደብተር። እነዚህ ሁለት ውሳኔዎች ከውጭ የቆመችውን አሮጌ መኪና ከለከሉ፤ ከውስጥ ያለችውን ግን አስወደዱ። በ2006 ወይም በ2008 የተላከችው ዊትዝ ሳትነቃነቅ በቆመችበት ዋጋዋ ብዙ እጥፍ ሆነ። ያ ትርፍ የማን ነው? ሊብሬው ላይ ስሙ የተጻፈው ሰው ነው። የብዙዎቻችን ስም ደግሞ እዚያ የለም። «አንቺ እዚያ ነሽ፣ ፊርማ ያስቸግራል፣ በእኔ ስም ይሁን» ይባላል፤ እኛም እሺ እንላለን፤ ወንድም ነዋ። አንዲት ደሴ ያደገች ጓደኛዬ ሰባት ዓመት ሠርታ የላከቻትን መኪና ወንድሟ ከአዋጁ በኋላ በጥሩ ዋጋ ሸጣት። ስትጠይቀው የመለሰላት፦ «ገንዘቡን ሰጥተሽኝ ነበር፤ መኪናው ግን የኔ ነው።» ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለዓመታት ዘይት የቀየረ፣ ጎማ የለወጠ፣ ቦሎ የከፈለ እሱ ነው፤ እውነት የእሱ መስላዋለች። ባልና ሚስት ቢሆኑ ነገሩ ሌላ ነው፤ የቤተሰብ ሕጉ በትዳር ውስጥ የተገኘን ንብረት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ አድርጎ ነው የሚያየው። ለእህትና ለወንድም ግን እንዲህ ያለ የጋራ ንብረት የለም፤ የላክሽበትን ደረሰኝ ካልያዝሽማ የምታሳዪውም የለሽም።

አንዲት የጅማ ልጅ ግን በሌላ መንገድ ሄደች። መኪናዋን በራሷ ስም አስገባች፤ ለእናቷ እዚህ ቆንስላ ሄዳ ውክልና ሰጠች። ውክልናውን ስታጽፍ አብሬያት ነበርኩ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ «ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለሦስተኛ ወገን ለማስተላለፍ» ብሎ ጀመረ። እሷ አስቆመችው። ለማስመዝገብ፣ ቦሎ ለማስለጠፍ፣ ኢንሹራንስ ለመግባት፣ ለማከራየትና ኪራይ ለመቀበል ይሁን፤ መሸጥ የሚለው ይውጣ አለች። ጸሐፊው «እናትሽን አታምኛቸውም እንዴ?» አላት። «እናቴን አምናለሁ፤ እናቴን የሚለምኗትን ሰዎች ነው የማላምነው» አለችው። ወረቀቱ አገር ቤት ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ከዚያም በሰነዶች ማረጋገጫ በኩል አለፈ። መኪናዋ እስከ አሁን እየሠራች ነው፤ ኪራዩ በየወሩ በልጅቷ ደብተር ይገባል፤ ሊብሬዋ እናትየው ሳጥን ውስጥ፣ በልጅቷ ስም ተቀምጣለች።