ገበታና ጥራጊ፤ በነፋስ ስልክ ላፍቶ የማኅበረሰብ ጤናና የተማሪ መሪ ድርሻ

መቅድም

የአንድ ከተማ ሕዝብ ጤና ከሚመዘንባቸው ነገሮች ሁለቱ፣ ይኸውም ወደ አፍ የሚገባው መብልና ከደጅ የሚወጣው ጥራጊ፣ በቢሮ በተለያየ ክፍል፣ በትምህርት ቤትም በተለያየ ክበብ ስለሚያዙ፣ ብዙዎች የማይገናኙ ጉዳዮች አድርገው ያዩአቸዋል። በደቡብ አዲስ አበባ ባለው በነፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ግን የመሬቱ አቀማመጥና የሕዝቡ ኑሮ ሁለቱን አስተሳስሯቸዋል። የዚህ ሐተታ ዓላማም፣ እንዲህ ባለ ሥፍራ ጤና በየቤቱ ለብቻ የሚገኝ ጸጋ ሳይሆን የሰፈር ሁሉ የጋራ ሀብት መሆኑን፣ ስለዚህም ቤትን ከቤት የሚያገናኝ መሪ እንደሚያሻው፣ ለዚህም አገልግሎት ተማሪ እጅግ የተመቸ መሆኑን ማስረዳት ነው።

የሥፍራው ጠባይ

ትንሹ አቃቂ ወንዝ የፋብሪካውን ፍሳሽ፣ የመኖሪያ ቤቱን እድፍና የቄራውን ተረፈ ምርት ተሸክሞ ወደ ደቡብ ሲወርድ፣ በመካኒሳና በላፍቶ ዳርቻ ያሉ አትክልተኞች ውሃውን ጠልፈው ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ ያለሙበታል፤ አትክልቱም ተመልሶ ወደ ከተማው ገበታ ይቀርባል። በወንዙ ዳር ማሳዎች ላይ የተደረጉ ምርምሮች በቅጠሎቹ ውስጥ እንደ ክሮሚየም፣ ካድሚየምና እርሳስ ያሉ ብረታ ብረቶችን ያገኙ ሲሆን፣ ሰላጣና ቆስጣ ከጥቅል ጎመን ይልቅ እነዚህን እንደሚስቡ አመልክተዋል። ቅጠልን በንጹሕ ውሃ ማጠብ አፈሩንና አብዛኛውን ተሐዋሲ ቢያስወግድም፣ በሥር በኩል ገብቶ ከቅጠሉ ጋር የተዋሐደውን ብረት ግን አያወጣም።

በምዕራብ በኩል ደግሞ፣ ከኮልፌ ቀራንዮ ጋር በሚዋሰንበት በረጲ፣ ከ1956 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የከተማው ጥራጊ ሲከመርበት የኖረው ቆሼ አለ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 የሚበልጡ ነፍሳት በጠፉ ጊዜ፣ ከየጓዳው ተጠርጎ የሚወጣው ነገር ከዓይን ስለራቀ ብቻ ከሰው ሕይወት እንደማይርቅ አገር ሁሉ በኀዘን ተረዳ። ከከተማችን የቤት ጥራጊ ከግማሽ የሚበልጠው የምግብ ትራፊና ሌላ የሚበሰብስ ነገር ነውና፣ በወጉ ቢለይ ለአፈር ብስባሽ የሚሆነው ሀብት ከፌስታል ጋር ተደባልቆ ለዝንብና ለአይጥ ቀለብ ሆኖ ይቀራል።

መብልና ንጽሕና

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ኔቪን ስክሪምሾውና ባልደረቦቹ ረኃብና ተላላፊ ደዌ እርስ በርሳቸው እንደሚደጋገፉ አስረድተዋል፤ በምግብ ጉድለት የደከመ ሰውነት ደዌን መመከት ሲሳነው፣ በተቅማጥ የተጎዳ አንጀትም የቀረበለትን መብል ወደ ሰውነት ማሳለፍ ያቅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉት ሕፃናት ከመቶ 38፣ በአዲስ አበባም ከመቶ 15 ያህሉ የቀነጨሩ ሆነው ተገኝተዋል።

ይሁን እንጂ በባንግላዴሽ፣ በኬንያና በዚምባብዌ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ2018ና በ2019 የታተሙት ታላላቅ ሙከራዎች፣ ተጨማሪ ምግብ ያገኙ ሕፃናት በቁመት ጥቂት ሲጨምሩ፣ ለየቤቱ የተሰጠው መጸዳጃና የእጅ መታጠቢያ ብቻውን ግን እድገታቸውን እንዳላሻሻለ አሳይተዋል። እኔ ከዚህ የምረዳው ንጽሕና ከንቱ ነው የሚለውን አይደለም፤ ጎረቤቱ በእድፍ ተከቦ ሳለ አንድ ቤት ብቻውን ሊነጻ አይችልም የሚለውን ነው እንጂ። በየቤቱ የሚሰጥ ምክር የማይደርስበትን የሚያደርሰው የሰፈር ኅብረት ነው፤ ኅብረትም ያለ መሪ አይጸናም።

የተማሪ መሪ ተግባር

በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የጎንደር የጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ፣ የጤና መኮንኑን፣ የኅብረተሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድነት እያሰማራ በሕዝብ መካከል ማሠልጠኑ ተማሪ በሕዝብ መካከል እያገለገለ ይማራል ለሚለው አሳብ ቀደምት አርአያ ነው። በ1967 ዓ.ም. በእድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር የዘመቱት 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ታሪክም ወጣት ለአገሩ ምን ያህል ትጋት እንዳለው ያስረዳል፤ ከትጋት ጋር ግን ሕዝቡን አስቀድሞ ማዳመጥ ግዴታ ነው።

የዛሬው የተማሪ መሪ ሩቅ መሄድ አያሻውም። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የከተማው አስተዳደር በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባን ሥራ ስለያዘ፣ ወጥ ቤቱም ትራፊውም ጓሮውም በአንድ ግቢ ተገናኝተዋል። የሚበሰብሰውን ከማይበሰብሰው መለየት፣ ብስባሹን በንጹሕ ውሃ ለሚለማ የጓሮ አትክልት ማዋል፣ ፕላስቲኩንና ቆርቆሮውን ለሰብሳቢ ማኅበራትና ለቆራሌው ማስረከብ፣ ከዚያም የተማሩትን በእናቶች ቡና ላይ፣ በዕድር ስብሰባና ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ወደየቤቱ ማድረስ የሚቻል ሥራ ነው። ተማሪ ቀን በትምህርት ቤት ውሎ ማታ ከቤተሰብ ጋር ስለሚያመሽ፣ እውቀትንና ኑሮን በየዕለቱ ያገናኛል፤ አባትና እናትም የልጃቸውን ቃል በፍቅር ይሰማሉ።

ማጠቃለያ

ወንዙን ማንጻት ግን በተማሪ ትከሻ ላይ የሚጫን ዕዳ አይደለም፤ ፍሳሹን የሚለቀው ፋብሪካና ሕግ የማስከበር ሥልጣን ያለው መንግሥት የሚጠየቁበት ነው። የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ በአገራችን ከወጣ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ አዋጅ ደግሞ ሕይወት የሚያገኘው መብቱንና ግዴታውን የሚያውቅ ሰፈር ሲኖር ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶች የምግቡንና የጽዳቱን ክበብ አንድ አድርገው፣ የተማሪዎቹን አገልግሎት እንደ ትምህርት ቆጥረው፣ መምህርና በጀት ሊመድቡለት ይገባል። ሰፈሩን አስተባብሮ ስለሚበላውና ስለሚጥለው በአንድ ድምፅ እንዲጠይቅ ያደረገ ተማሪ፣ ከሐኪም ቤት ደጅ አስቀድሞ የሚጀምረውን ሕክምና ጀምሯል።