ዩኒቨርሲቲውና ከአጥሩ ማዶ ያለው ወርክሾፕ

አንድ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ከተማ ሲቆረቆር፣ የአካባቢው ሕዝብ የሚጠብቀው ልጆቹ የሚማሩበትን ቦታ ብቻ ሳይሆን ገበያም ጭምር ነው። በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ይመገባል፣ ይተኛል፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይማራል። እንጀራው፣ አልጋው፣ በርና መስኮቱ ከአንድ ቦታ መገዛት አለበት። ከማን ይገዛ የሚለውን ጥያቄ ብዙዎች ለግዥ ክፍል ይተዉታል። ታሪኩ ግን የሚያሳየው፣ መልሱ ከጨረታው በፊት በመሐንዲሱ ጠረጴዛ ላይ እንደሚወሰን ነው።

በአገራችን ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማትን የሚመለከት ብሔራዊ ስትራቴጂ በ1990 ዓ.ም. ወጣ። ይሁን እንጂ ስትራቴጂ ብቻውን ገዢ አያመጣም። ሰፊ ገበያ የተገኘው በዚያው ዐሥርት ዓመት አጋማሽ የአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ ሲጀመር ነው። ብሎኬቱን፣ ተገጣጣሚውን ቢምና የብረት በርና መስኮቱን በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች እንዲያመርቱ ተደረገ። ይህም ሊሆን የቻለው በንድፉ ምክንያት ነበር። ሶሌታው እንደ ተለመደው በእንጨት ቅርጽ ላይ በአንድ ጊዜ የሚሞላ አርማታ ቢሆን ኖሮ፣ ሥራው የተቋራጩ ብቻ በሆነ ነበር። ቢሙ መሬት ላይ ተሠርቶ፣ በቢሞቹ መካከል ብሎኬት ተደርድሮ፣ ከላይ ስስ ኮንክሪት የሚፈስበት ስልት ሲመረጥ ግን፣ አንዱ ትልቅ ሥራ ለብዙ ትናንሽ አምራቾች የሚከፋፈል ሆነ። መጠኑም አንድ ዓይነት ስለነበረ፣ አንድ ጊዜ የሠለጠነ ማኅበር ያንኑ ደጋግሞ ማምረት ቻለ።

ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ትምህርት ሚኒስቴር ከጀርመኑ የቴክኒክ ትብብር ድርጅት ከጂ.ቲ.ዜድ. ጋር 13 ዩኒቨርሲቲዎችን መገንባት ሲጀምር፣ ሥራን ከፋፍሎና ከሥልጠና ጋር አያይዞ የመስጠት ልምድ እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ሰመራና ጅግጅጋ ደረሰ። ቀጥሎም የግዥ አዋጅ ቁጥር 649/2001 ለአነስተኛ ተቋማት በጨረታ ልዩ አስተያየት ሰጠ። በባንክ ዋስትና ፈንታም ካደራጃቸው አካል የዋስትና ደብዳቤ እንዲያቀርቡ በመመሪያ ተፈቀደላቸው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከተመረቅሁ በኋላ ባገለገልሁበት አንድ ዩኒቨርሲቲ ተደራራቢ አልጋውን፣ ቁምሳጥኑንና የንባብ ጠረጴዛውን በአንድ ሎት ጠቅልዬ፣ በአጭር ጊዜ እንዲቀርብ ዝርዝር መግለጫ አዘጋጀሁ። ሕጉ የከፈተውን በር የዘጋሁት እኔ ነበርሁ። ከግቢው ፊት ለፊት ያለው የብየዳ ማኅበር ሰነዱን ወሰደ፤ ዋጋ ግን ሳያቀርብ ቀረ። አልጋው ከሩቅ ተጭኖ መጣ። ዓመት ሳይሞላው ብየዳው ሲለቅ፣ እንዲጠግኑ የጠራነው እነዚያኑ ልጆች ነበር። ከመካከላቸው አንዱ፣ «ኢንጂነር፣ ለመጠገን የበቃን ሰዎች ለመሥራት ያልበቃነው ለምንድን ነው?» ሲል ጠየቀኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሚቀጥለው ዓመት አልጋው ለብቻው ወጥቶ በሦስት ሎት ተከፈለ። ንድፉንም በከተማው ሱቆች በሚገኝ የብረት ቱቦ መጠን አስተካከልሁት። በመጀመሪያ አንድ ናሙና ተሠርቶ፣ ብየዳው ተመርምሮና ተፈርሞበት፣ ሌላው በዚያ ልክ ቀጠለ። ክፍያውም ርክክቡን ተከትሎ በየክፍሉ እንዲፈጸም አስማማን፤ ክፍያ ሲዘገይ ትልቁ አቅራቢ ከባንክ ይበደራል፣ ትንሹ ግን የብየዳ ማሽኑን ይሸጣልና። ሁሉም አልሰመረም፤ አንደኛው ማኅበር ዘግይቶ ቅጣት ከፍሏል። የቀሩት ግን በጊዜው አስረክበዋል፤ ጥገና ሲያስፈልግም በማግሥቱ ይደርሱልን ነበር።

ስለዚህ የሙያ ባልደረቦቼ፣ ለአነስተኛው አምራች የጥራት ደረጃ ዝቅ ይበልለት አልልም። የምለው፣ ዝርዝር መግለጫ ስንጽፍ ማን ሊሠራው እንደሚችልም አብረን እየወሰንን መሆናችንን እንወቅ ነው። ፊርማችንን ከማኖራችን በፊት ከግቢው በር ወጣ ብለን በአካባቢው ምን እንደሚመረት ብናይ፣ ለዩኒቨርሲቲውም ለከተማውም ይበጃል።