የተደፋ ጣሳ፣ የቆርቆሮ ታፔላ እና «ተዛውረናል»

ጠላ ቤት ለማግኘት ማንበብ መቻል አያስፈልግም። ደጃፍ ላይ በቆመ እንጨት ጫፍ ጣሳ ወይም ኩባያ ተደፍቶ ከታየ እዚያ ቤት ጠላ አለ ማለት ነው። ስም የለው፣ ቀለም የለው፣ ስልክ ቁጥር የለው። ሆኖም ዛሬ የዲዛይን ባለሙያዎች «አርማ» ከሚሉት ነገር የሚጠበቀውን አብዛኛውን ያሟላል፤ ከሩቅ ይታያል፣ ላልተማረውም ይገባል፣ ወጪ የለውም። ጉድለቱ አንድ ነው። የአንዷን ባለጠላ ጠላ ከጎረቤቷ ጠላ አይለይም። የማንኛዋ ይጣፍጣል የሚለውን የሚያውቀው ሰፈሩ ብቻ ነው።

ይህች ጉድለት ትንሽ ትመስላለች። የኢትዮጵያ አነስተኛ ነጋዴ መቶ ዓመት ያህል የታገለው ግን ከእሷ ጋር ነው።

ነገሩን ለመረዳት ሙያተኛ በዚህ አገር በምን ስም ይጠራ እንደነበር ማስታወስ ይገባል። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ፋቂው የሚጠሩበት የሙያ ስም ራሱ ስድብ ነበር። አፄ ምኒልክ ሙያተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጅ ማስፈለጉ የነገሩን ክብደት ይናገራል። ስሙ በተጠራ ቁጥር የሚናቅ ሰው ያንን ስም በትልቅ ፊደል ጽፎ ደጁ ላይ ይሰቅለዋል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው። ገበያው ደግሞ የግል ስም አይጠይቅም ነበር። ከአራዳ እስከ መርካቶ ዕቃ የሚፈለገው በተራ ነው፤ ሸራ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ምናለሽ ተራ። ስም የነበረው ተራው እንጂ ሱቁ አልነበረም። ገዢው ተራውን ያውቃል፣ ከዚያ በኋላ ፊት ያያል፣ ደንበኛ ይይዛል።

የተጻፈ ታፔላ ወደ አዲስ አበባ በብዛት የገባው ከውጭ ነጋዴዎች ጋር ነው። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1917 ከተማዋ ሲደርስ አርመኑ፣ ግሪኩ፣ ሕንዱና የመኑ ቀድመው ሱቅ ከፍተው ነበር። አውሮፓ ያለ አቅራቢና የባንክ ሰው የሚጽፍላቸው በድርጅት ስም ስለሆነ ስማቸውን መጻፍ ግዴታቸው ነበር። የሰፈሩ የማዕዘን ሱቅ ግን «ዓረብ ሱቅ» ሆኖ ቀረ። ባለቤቱ ስም አጥቶ አይደለም፤ ጎረቤቱ ከዚያ በላይ ስለማያስፈልገው ነው።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ የቀረው የስም ቅርስ የተለየ ነው። ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ካዛንቺስ ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው። ከተማዋ ግን ስሞቹን ወስዳ የራሷ አደረገቻቸው። ለዚህ ከሁሉም የሚገርመው ምሳሌ ቶሞካ ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 ፒያሳ ላይ የተከፈተው ቡና ቤት ስሙ «ቶሬፋሲዮኔ ሞደርና ካፌ» ከሚለው የጣሊያንኛ ሐረግ የሦስቱ ቃላት መነሻ ተቆንጥሮ የተሠራ ነው፤ ትርጉሙ ዘመናዊ የቡና መቁያ ማለት ነው። በቁሙ ማኪያቶ ከሚጠጣው ሰው ይህን የሚያውቀው ጥቂቱ ይሆናል። ማወቅም አያስፈልገውም። ምንም ሌላ ትርጉም የሌለው፣ ለአፍ የሚቀል፣ ከሌላ ቤት ጋር የማይምታታ ቃል ሆኗል። የንግድ ስም ሊሆን ከሚገባው በላይ የሆነ ስም ቢፈለግ ይህ ነው።

ሕጉም በዚያው ዘመን መጣ። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የንግድ መደብርን ግዑዝ ሀብት አለመሆኑን ደነገገ፤ ዋናው አካሉ መልካም ዝና እንደሆነ፣ የንግድ ስምም አብሮ እንደሚቆጠር። በሌላ አነጋገር የአንድ ሱቅ ዋጋ መደርደሪያው ላይ ካለው ዕቃ ይልቅ ሰው ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ነው አለ። ለ1952 ዓ.ም. አዲስ አበባ ትልቅ ሐሳብ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት፣ በ1950፣ አለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱን ከፍተዋል። ሕግና ብሩሽ በአንድ ዘመን ተገናኙ ማለት ይቻላል፤ ምንም እንኳ አብዛኛው የታፔላ ጸሐፊ የዚያን ትምህርት ቤት ደጅ ያልረገጠ ቢሆንም።

ስለ ታፔላ ጸሐፊው ትንሽ መቆየት ተገቢ ነው፤ ታሪክ ጸሐፊዎቻችን አልፈውታልና። መሣሪያው ቆርቆሮ ወይም ላሜራ፣ የዘይት ቀለምና ጥቂት ብሩሾች ናቸው። መጀመሪያ መደቡን ይቀባል፣ በእርሳስና በክር መስመር ያሰምራል፣ ከዚያ ፊደሉን ይከፍላል። የላቲን ፊደል ጸሐፊ ትልቅና ትንሽ ፊደል ስላለው በመጠን ይጫወታል። የግዕዝ ፊደል ይህ የለውም። ስለዚህ የእኛ ሰው ጉልበቱን ያፈሰሰው በጥላና በውፍረት ላይ ነው፤ ቀይ ፊደል ከጥቁር ጥላ ጋር፣ የ«መ» ሆድ አበጥ ብሎ፣ የ«ቤት» «ቤ» ቀለበቷ እንደ ጉትቻ ተንጠልጥላ። ፀጉር ቤት ከሆነ የተቆረጠ ጭንቅላት በጎን፣ ሥጋ ቤት ከሆነ ሻኛው የቆመ በሬ፣ ልብስ ሰፊ ከሆነ የስፌት መኪና። ከታች በማዕዘኑ የራሱን ስም ያኖራል፤ ስልክ ሲመጣ ስልኩንም። የሚገርመው፣ ከነጋዴው ቀድሞ ስሙን እንደ ምልክት የተጠቀመው እሱ ነው። አንዱ ታፔላ የሚቀጥለውን ሥራ ያመጣለታል።

ፊደላችን ለንግድ ስም ያመጣው አንድ ጣጣም አለ። «ሰላም» እና «ሠላም»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለዓይን ይለያያሉ፣ ለጆሮ ግን አንድ ናቸው። ተፎካካሪ ከፈለገ አንዷን ፊደል ቀይሮ ከጎን መክፈት ይችላል። ስለ ፊደል መሻሻል የተከራከሩት ምሁራን ይህን የሱቅ በር ጉዳይ ቢያዩት ክርክራቸው ሌላ መልክ ይይዝ ነበር።

ደርግ ሲመጣ ይህ ሁሉ ቆመ። በ1967 ባንኩ፣ ፋብሪካው፣ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ተወረሰ። በ1968 የወጣው አዋጅ ቁጥር 76 ደግሞ ለግል ነጋዴ የካፒታል ጣሪያ አበጀ፤ ለችርቻሮ 200,000 ብር፣ ለጅምላ 300,000፣ ለኢንዱስትሪ 500,000። አንድ ሰው ከአንድ በላይ የንግድ ፈቃድ እንዳይዝም ተከለከለ። ስለዚህ አዋጅ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው ስለጠፋው ገንዘብ ነው። የጠፋው ሌላ ነገርም አለ። ስም የሚጠቅመው ከባለቤቱ ፊት ርቆ ሲሄድ፣ ሁለተኛ ቅርንጫፍ ሲከፈት፣ ዕቃው ሌላ ከተማ ሲሸጥ ነው። ያ ሲከለከል ስም መገንባት ትርፍ የሌለው ድካም ሆነ። በቀበሌው ሕብረት ሱቅ ስኳር ለመውሰድ የተሰለፈ ሰው የታፔላው ፊደል ማማር ምን ያደርግለታል? አንድ ትውልድ ነጋዴ ትልቅ ከመሰለ እንደሚወረስ ተምሮ አደገ። ዛሬም ገቢው ደህና ሆኖ ሆን ብሎ አሮጌ ታፔላ የሚሰቅል ነጋዴ ሲታይ ንፉግነት ብቻ አይደለም።

ከ1983 በኋላ በሩ ተከፈተና ስሞቹ ጎረፉ። አዲስ አበባ ውስጥ የዓለም ከተሞች፣ የፊልም ተዋናዮችና የእግር ኳስ ቡድኖች ሁሉ ፀጉር ቤትና ጁስ ቤት ሆኑ። መገልበጥም አብሮ መጣ። ለዚህ ማስረጃው በየቦታው የሚታየው «ሌላ ቅርንጫፍ የለንም» የሚለው ጽሑፍ ነው። በዓለም ነጋዴ ቅርንጫፍ አለኝ እያለ ሲፎክር የእኛው የለኝም ብሎ ይምላል፤ ስሙን የሚጠብቅለት ሌላ አካል አልነበረማ። የንግድ ምልክት ያለው ድርጅት ማድረግ የሚችለው ጋዜጣ ላይ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ማውጣት ነበር። የአእምሯዊ ንብረት ጽሕፈት ቤት የተቋቋመው በ1995፣ የንግድ ምልክት አዋጅ ቁጥር 501 የወጣው በ1998 ነው። ምዝገባው ለ7 ዓመት ይጸናል፣ ይታደሳል። ሆኖም እስካሁን ብዙ ባለሱቅ ንግድ ቢሮ ያስመዘገበው የንግድ ስም እና የንግድ ምልክት አንድ ይመስለዋል። ሁለቱ በተለያየ ሕግ፣ በተለያየ መሥሪያ ቤት የሚያዙ ናቸው። ፈቃዱ ላይ ስሙ ስላለ ታፔላውና ማሸጊያው የተጠበቀለት መስሎት የሚተኛ ሰው የሚነቃው ሌላው ቀድሞት ሲያስመዘግብ ነው።

የሚያስቀው ነገር፣ በዚያው ዓመት መንግሥት ራሱ ውጭ አገር ስለ ስም እየተሟገተ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን የቡና ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ሐረርና ሲዳሞ የቡና ዓይነት መጠሪያ ሆነዋል በሚል መጀመሪያ ውድቅ ተደረጉ። ከስታርባክስ ጋር ስምምነት የተፈረመው በ2007 ነው። ኢትዮጵያ የጠየቀችው የስም ኪራይ ገንዘብ አልነበረም፤ ፈቃዱን ያለክፍያ ሰጥታ የስሙ ባለቤት መሆኗ እንዲታወቅ ነው። ክርክሩ ትክክል ነበር፦ ስም ያለው ቡናው ያደገበት አገር እንጂ ማሸጊያው አይደለም። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ የዚያን የአሜሪካ ድርጅት ምልክት የሚመስል ክብ አረንጓዴ አርማ ሰቅሎ ማኪያቶ መሸጥ ማንንም አላሳፈረም።

ታፔላ ጸሐፊውን የጣለው ሕግ አይደለም፤ የባነር ማተሚያ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ ውስጥ ከገባ፣ በ2007ም ናያላ የተባለው የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር በየኮምፒዩተሩ ከተሠራጨ በኋላ የአማርኛ ጽሑፍ ማንም የሚያወጣው ሆነ። ለጽሑፍ ሥራ በረከት ነው። ለሱቅ በር ግን መቶ ሱቅ አንድ ዓይነት ፊደል ለበሰ፤ ለላቲን ፊደል ሺዎች የሚቆጠሩ ቅርጾች ሲኖሩ ለእኛ ያሉት ጥቂት ናቸውና። ከኢንተርኔት የወረደ የበርገር ሥዕል፣ በላዩ ስልክ ቁጥር፣ በሁለት ዓመት ፀሐይ የሚያደርቀው ሸራ። የድሮው ላሜራ ሠላሳ ዓመት ይቆም ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ሲደርስ ብዙ አሮጌ ቤት በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ። ስለ ቅርስ ብዙ ተብሏል፣ ተገቢም ነው። ስለ ነጋዴው ሀብት ግን ጥቂት ነው የተባለው። በኪራይና በቀበሌ ቤት ለሠራ ሰው ግድግዳው የእሱ አይደለም፣ መሬቱም የእሱ አይደለም። ሊሸከመው የሚችለው ብቸኛ ሀብት የ1952ቱ ሕግ «መልካም ዝና» ያለው ነው። የታወቀ ስም የያዙት አዲስ ቦታ ሲከፍቱ ሰው ፈልጎ አገኛቸው። አብዛኞቹ ግን ከአንድ ሕንፃ ጎን፣ ከአንድ ደረጃ ሥር ያሉ ቤቶች ነበሩ። ደንበኛ የሚያውቃቸው በአቅጣጫ ነው፤ አቅጣጫው ሲፈርስ ማን ብሎ ይጠይቅ?

ከመፍረሱ በፊት በነበሩት ቀናት በአንዳንድ በሮች ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «ተዛውረናል» ይላል፣ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ማን እንደተዛወረ አልተጻፈበትም።